ጨው የቀደመው መስክ፦ የመኖ ጥራጥሬዎች ፈተና በመካከለኛው አዋሽ

(ዜና ትንታኔ)

የመኖ እጥረት የአገሪቱን የእንስሳት ሀብት ልማት ወደኋላ ከሚጎትቱት ችግሮች ግንባር ቀደሙ መሆኑ በተደጋጋሚ ሲገለጽ ቆይቷል። ችግሩን ለማቃለል ከሚቀርቡት አማራጮች መካከል በቆላማ አካባቢዎች በመስኖ ውሃ አልፋልፋና ሌሎች የጥራጥሬ ወገን የሆኑ የመኖ ተክሎችን ማልማት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መስኖ ከሚዘረጋባቸው የቆላ መሬቶች ብዙዎቹ ጨዋማነት የሚያጠቃቸው ናቸው። የጥራጥሬ መኖዎች ደግሞ ጨው ቀድሞ ከሚጎዳቸው ሰብሎች ወገን ይመደባሉ። በአፋር ክልል የሚገኘው የመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ሁለቱ ፊት ለፊት ከሚገናኙባቸው ሥፍራዎች ዋነኛው ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም ባካሄደው የናሙና ጥናት መሠረት አገሪቱ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግና ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል እንዳላት ተገምቷል። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት፣ የእንቁላል፣ የዶሮና የማር ምርትን ለማሳደግ ያለመ ነው። ከእነዚህ መካከል ወተቱ በቀጥታ በመኖ ጥራት ላይ የተመሠረተ ነው። የተሻሻለች ላም ገለባ ብቻ እየበላች የዝርያዋን ያህል አትታለብም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጤፍም ሆነ የስንዴ ገለባ የፕሮቲን ይዘቱ ከ5 በመቶ ብዙም አይዘልም። በወቅቱ የታጨደ አልፋልፋ ግን 18 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይኖረዋል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውም በአብዛኛው ከአየር በሚወስደው ናይትሮጅን ነው። አርሶ አደሩ ዩሪያ ሳይገዛ የሚያገኘው ጥቅም በመሆኑ የጥራጥሬ መኖን ከሳር መኖ የሚለየው ዋና ነገር ይኸው ነው። ጨው የሚያጠቃውም ከሁሉ አስቀድሞ ይህንኑ ጥቅም ነው።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት የአሚባራን መሬት ታሪክ ማንሳት ያስፈልጋል። በገቢ ረሱ ዞን የሚገኘው የአሚባራ ወረዳ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር አካባቢ በሚሆን ሜዳ ላይ ይገኛል። የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ የሚያጠጣው ይህ ሜዳ ለአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ከዳር ያለው መንጋ ሁሉ ወደ ወንዙ ዳርቻ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም የቆቃ ግድብ ሥራ ከጀመረና በ1954 ዓ.ም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ግን የሸለቆው ለም መሬት ደረጃ በደረጃ ለጥጥ፣ ለሙዝና ለሌሎች የመስኖ ሰብሎች ዋለ። አርብቶ አደሩ የተሻለውን የበጋ ግጦሹን ያጣው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጨው ነው። በአካባቢው በዓመት የሚጥለው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር የማይደርስ ሲሆን፣ የፀሐዩና የነፋሱ የማትነን አቅም ግን ከ2,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህም ሰማዩ ከሚሰጠው ከአራት እጥፍ በላይ ይወስዳል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ የመስኖ ውሃ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ለአብነት በአንድ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ብቻ የሟሟ ጨው ያለበት ውሃ፣ ሲጠጣ ጨውነቱ የማይታወቅ፣ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ በአንድ ሄክታር ላይ ቢፈስ ሁለት ቶን ተኩል ጨው በማሳው ላይ ያራግፋል። በአሥር ዓመት 25 ቶን ይሆናል።

ይህ ጨው ከሥር በታች ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ ካለው ጉዳት አያደርስም። በአሚባራና በመልካ ሰዲ ግን ከመጠን በላይ የፈሰሰውና ከቦይ የሰረገው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ አነሳው። የከርሰ ምድር ውሃ ከመሬቱ ገጽ አንድና ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው በአፈሩ ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተሸከመውን ጨውም ገጹ ላይ ጥሎ ይተናል። በሜዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚህ ውጤት ነው። በ1970ዎቹ ከመሬት በታች የውሃ ማንጣፈፊያ ቱቦዎች በከፊል ተቀብረው የነበረ ቢሆንም፣ ማንጣፈፊያ ያላገኘው ወይም ጥገና የተጓደለበት መሬት እየነጣ ሄዷል።

በላይኛው ተፋሰስ የሚደርሰውም ነገር የራሱ ድርሻ አለው። በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ነው። ጎርፉ ከተማውን፣ መንገዱንና የሸንኮራ አገዳ እርሻውን እንዳያጥለቀልቅ ሲባል በመጠን እየተለቀቀ ከአዋሽ ጋር እንዲቀላቀል ተደርጓል። መተሐራ ከአሚባራ በላይ በመሆኑ እዚያ የሚቀላቀለው ውሃ እዚህ ይጠጣል።

በመላ አገሪቱ በጨው የተጠቃው መሬት ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ በጥናቶች በስፋት ይጠቀሳል። ከዚህ አብዛኛው በተፈጥሮ ጨዋማ የሆነና ፈጽሞ ታርሶ የማያውቅ ደረቅ ምድር ነው። በአሚባራ ያለው ግን የተለየ ነው፤ ለም ሆኖ የተረከብነው፣ በሰው እጅ ጨው የገባበት መሬት ነው። ከጠቅላላው አንጻር ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ቦይ የተዘረጋለት፣ መንገድ የገባለት በመሆኑ መጥፋቱ የበለጠ ያስቆጫል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በጨው ምክንያት የተተዉትን ማሳዎችና ከ1983 ዓ.ም በኋላ ለአካባቢው ጎሳዎች ከተመለሰው መሬት የተወሰነውን ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወርሶታል። ፕሮሶፒስ ራሱ የጥራጥሬ ወገን ነው። ጨውን ይቋቋማል፣ ሥሩን አርዝሞ ጥልቅ ውሃ ይጠጣል፣ ፍሬውን ፍየልና ግመል ይበሉታል፤ ዘሩንም በፋንድያቸው ያሰራጩለታል። በጨዋማ መሬት ላይ የሚጸና የጥራጥሬ ተክል ይፈለጋል ቢባል ያልተጠራው ቀድሞ ደርሷል ማለት ይቻላል። ሳሩን አጥፍቶ፣ መንገዱን ዘግቶ፣ ከብቱን በእሾሁ እየወጋ መሆኑ ነው ችግሩ። ስለዚህ ጨው መቋቋም ብቻውን የአንድን መኖ ተክል ጥሩነት አይመሰክርም።

የተክሎች የጨው ቻይነት የሚለካበት መንገድ አለ። ጨው የሟሟበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ከአፈር በሚጨመቅ ውሃ ላይ የሚለካው የማስተላለፍ አቅም የጨውነት መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ መለኪያውም ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። በዚህ መለኪያ 4 እና ከዚያ በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል። ማስ እና ሆፍማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1977 ባወጡት፣ በኋላም በተስፋፋው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ሰብል ምርቱ መቀነስ የሚጀምርበት ወሰንና ከዚያ በላይ ጨው በአንድ መለኪያ በጨመረ ቁጥር የሚያጣው ምርት በመቶኛ ሰፍሯል።

ከሠንጠረዡ የሚነበበው እንዲህ ነው። የጥጥ ወሰን 7.7፣ የስንዴ 6፣ በየመንገዱ የምናውቀው ሰርዶ 6.9 ነው። ወደ ጥራጥሬ መኖዎቹ ሲመጣ ግን ወሰኑ ዝቅ ይላል፤ አልፋልፋ 2፣ ሰስባኒያ 2.3፣ ለመኖ የሚዘራ ካውፒ 2.5፣ ቬች 3 ሲሆን፣ የማገጥ ወገን የሆኑት የግጦሽ ተክሎች 1.5 ላይ መጎዳት ይጀምራሉ። መለኪያው 8 በሆነ ማሳ ላይ በዚሁ ስሌት ጥጥ ከምርቱ 2 በመቶ እንኳ አያጣም፤ ሰርዶም 93 በመቶውን ይሰጣል። አልፋልፋ ወደ 56 በመቶ፣ ካውፒ ወደ 40 በመቶ፣ ማገጥ ወደ 22 በመቶ ይወርዳሉ።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት ለአሚባራ ትልቅ ነው። ጥጥ ለዓመታት በጥሩ ሁኔታ የበቀለበት መሬት ለአልፋልፋ የማይሆን ሊሆን ይችላል። ጥጥ ጨውን ታግሶ ስለሚቆይ የመሬቱን መታመም ይደብቃል፤ ጥጡ ራሱ መቀነስ በጀመረበት ጊዜ መሬቱ ለጥራጥሬ መኖ የሚሆንበት ወሰን ካለፈ ቆይቷል። “ይህ ማሳ ትናንት ጥጥ ያበቅል ነበር” ተብሎ የመኖ ዘር ማከፋፈል ስለዚህ ትክክለኛ መነሻ አይደለም።

ጨው ተክሉን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጥማት ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ጨው ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ሥሩ ሊስበው ይቸገራል። ተክሉ በውሃ መካከል ይጠማል። ቅጠሉ ያንሳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ እድገቱ ይዘገያል። ይህ ጉዳት ጨው ሥሩን ባገኘ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይጀምራል። ተክሉም ፕሮሊን የተባለውንና የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች በሕዋሶቹ ውስጥ በማከማቸት ውሃ ለመሳብ ይታገላል፤ ለዚህ የሚያወጣው ጉልበት ግን ለቅጠልና ለግንድ ይውል ከነበረው ላይ የተቀነሰ ነው።

ሁለተኛው መመረዝ ሲሆን፣ የሚታየው ቆይቶ ነው። ሶዲየምና ክሎራይድ ከውሃው ጋር እየገቡ በቅጠሉ ውስጥ ይከማቻሉ። ሶዲየሙ የፖታሲየምን ቦታ ይሻማል፤ አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምረው ይቃጠላሉ፣ ይረግፋሉም። ጨውን የሚችሉ ዝርያዎች የሚለዩት በአብዛኛው ሶዲየሙን ከሥር ላይ በማስቀረት ወይም ከቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ጉዳት በማያደርስበት ክፍል በመቆለፍ ነው። መኖ የሚታጨደው ለቅጠሉ በመሆኑ የቅጠል መርገፍ ከእህል ሰብል ይልቅ እዚህ የከፋ ኪሳራ ያስከትላል፤ ፕሮቲኑ ያለው ከግንዱ ይልቅ በቅጠሉ ነውና።

ለጥራጥሬዎች ግን ሦስተኛ ጉዳት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። አልፋልፋ ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኘው ብቻውን አይደለም። ራይዞቢየም የሚባሉ ተህዋስያን ወደ ሥሩ ገብተው በሚሠሩት ትንንሽ ቋጠሮ ውስጥ ነው ሥራው የሚከናወነው። ተክሉ ስኳር ይሰጣል፣ ተህዋስያኑ ናይትሮጅን ይመልሳሉ። ጨው የሚያፈርሰው ይህን ሽርክና ነው።

የሚገርመው ተህዋስያኑ ራሳቸው ከተክሉ የበለጠ ጨው የሚችሉ መሆናቸው ነው። የአልፋልፋ ተህዋስያን ከሆኑት መካከል ተክሉ ፈጽሞ ሊበቅልበት በማይችል የጨው መጠን ውስጥ የሚራቡ አሉ። ደካማው ነጥብ የሁለቱ መገናኛ ነው። ተህዋሲው ወደ ሥር የሚገባው የሥሩ ፀጉር ተጠምዝዞ ሲቀበለው ነው። በጨዋማ አፈር ውስጥ የሥር ፀጉሮች ያንሳሉ፣ መጠምዘዛቸውም ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ቋጠሮ አይፈጠርም። ቀድሞ የተፈጠረውም ቢሆን ከተክሉ የሚደርሰው ስኳር ሲያንስ፣ የአየር ዝውውሩም ሲስተጓጎል ሥራውን ያቆማል። በሥራ ላይ ያለ ቋጠሮ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ነው፤ የሞተው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ለልማት ሠራተኛውም ለአርሶ አደሩም ቀላል ስለሆነ በየማሳው ሊለመድ የሚገባው ነው።

ቋጠሮው ሲቆም ተክሉ ይገረጣል። አልሚው የገረጣውን ሲያይ የውሃ እጥረት ይመስለዋል፤ ውሃ ይጨምራል። ማንጣፈፊያ በሌለው ማሳ ላይ የተጨመረው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያነሳል፣ ጨውን ወደ ላይ ያመጣል፣ ተክሉም የባሰ ይገረጣል። በጨዋማ ሜዳ ላይ ብዙ ማሳ የሚጠፋው ውሃ በማጣት ሳይሆን እንዲህ በተሳሳተ ደግነት ነው።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ዩሪያ መጨመር ነው። በእርግጥም በማዳበሪያ ናይትሮጅን የሚያገኝ የጥራጥሬ ተክል በቋጠሮው ብቻ ከሚተዳደረው ይልቅ ጨውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋም በተለያዩ ሙከራዎች ታይቷል። ነገር ግን ዩሪያ ካስፈለገ የጥራጥሬ መኖን የመረጥንበት ምክንያት ራሱ ይዳከማል። በዚያው ዩሪያ ጨው የሚችል ሳር ማልማት የበለጠ ያዋጣል።

ተክሉንና ተህዋሲውን ለየብቻ መምረጥ እንደማያዋጣ የሌላ አገር ልምድ ያረጋግጣል። በደቡብ አውስትራሊያ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛባቸው፣ በጋ ላይ ጨው የሚያወጡ የግጦሽ መሬቶች አሉ። ለእነዚህ መሬቶች ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ ሜሲና የተባለ የጥራጥሬ መኖ ተመረጠ፤ ጨውንም የተኛ ውሃንም ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩ ለሌሎች ተመሳሳይ ተክሎች በሚያገለግለው ተህዋሲ ታሽቶ ሲዘራ በሚገባ በቀለ። በሁለተኛው ዓመት ግን ከረገፈው ዘር የበቀለው ችግኝ ቋጠሮ ሳይዝ ገርጥቶ ቀረ። ተክሉ በጋውን ተሻግሯል፤ ተህዋሲው ግን በደረቀውና በጨቀየው ጨው ውስጥ አልተሻገረም። ተመራማሪዎቹ በጋውን የሚሻገር ሌላ ተህዋሲ ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ዘሩ ለገበያ ሳይቀርብ ቆየ። ኔፕቱን የተባለው የሜሲና ዝርያ ከተስማሚ ተህዋሲው ጋር ለአርቢዎች የቀረበው እ.ኤ.አ በ2017 ነው።

በአገራችን ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለአኩሪ አተርና ለቦሎቄ ሕያው ማዳበሪያ ተብሎ የሚጠራው የተህዋስያን ውጤት ተመርቶ መሰራጨት ከጀመረ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የባቄላው ለአልፋልፋ አያገለግልም፤ እያንዳንዱ የጥራጥሬ ወገን የራሱን ተህዋሲ ይሻል። አልፋልፋ ደግሞ ለቆላው አፈር እንግዳ ነው። ዘሩ ብቻ ሄዶ ተህዋሲው ካልሄደ፣ ወይም የሄደው ተህዋሲ የአሚባራን በጋ የማይሻገር ከሆነ፣ የሚበቅለው አልፋልፋ በስሙ ብቻ ጥራጥሬ ይሆናል።

የሠንጠረዡ ቁጥሮች ግን እንደ ሕግ ሊወሰዱ አይገባም። በቅርብ ዓመታት በካሊፎርኒያ የተካሄዱ ጥናቶች አንዳንድ የተመረጡ የአልፋልፋ ዝርያዎች ከተተከሉና ሥር ከሰደዱ በኋላ በ1977 ከተቀመጠው ወሰን በብዙ ከፍ ባለ ጨዋማነት ጥሩ ምርት እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ስለዚህ አልፋልፋን ከጨዋማ መሬት ጨርሶ ማስወጣት ተገቢ አይደለም። ዝርያው መመረጥ አለበት፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ከምንጊዜውም በላይ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ የሚዘራው ከገጽ ብዙ ሳይጠልቅ ነው። ጨውም የሚከማቸው እዚያው ገጽ ላይ ነው። ሥር የሰደደ አልፋልፋ የሚታገሠውን ጨው ችግኙ አይታገሠውም። ከመዝራት በፊት ማሳውን በብዛት አጠጥቶ ጨውን ወደ ታች ማውረድ፣ ዘሩን በመደቡ ጫፍ ሳይሆን በጎኑ ላይ መዝራት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ጥቂት ውሃ ቶሎ ቶሎ መስጠት የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። በመደብ መስኖ ጨው የሚሰበሰበው ውሃው በመጨረሻ በሚደርስበት በመደቡ አናት ላይ በመሆኑ፣ የዘሩ መስመር በአንድ ክንድ መራቁ ብቻ የመብቀልና ያለመብቀል ልዩነት ያመጣል። ውሃው ጨው ያለበት ከሆነ በቀትር በርጭት ማጠጣት ቅጠሉን ያቃጥላል።

ሰስባኒያ ለአካባቢው የተሻለ ተስፋ ያለው ይመስላል። በወሰኑ ከአልፋልፋ ብዙም ባይርቅም ዛፍ በመሆኑ፣ በአፍሪካም በተፈጥሮ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተኛ ውሃን በመቻሉ ይለያል። አልፋልፋ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። ጨውና የተኛ ውሃ ተደርበው ሲመጡ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም፤ አየር ያጣ ሥር ሶዲየምን የሚያስቀርበት ጉልበት ስለማይኖረው ጨው ያለ ከልካይ ወደ ቅጠል ይወጣል። በአሚባራ ሁለቱ የሚገኙት አብረው ነው። በቦይ ዳርና በዝቅተኛ ቦታ ሰስባኒያን፣ በሚንጣፈፈው ከፍ ያለ ማሳ ላይ አልፋልፋን መመደብ ስለዚህ አስተዋይነት ነው።

የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በዚሁ ሜዳ ላይ ሲሠራ የቆየ በመሆኑ ስለ ጨው ያለው ዕውቀት ረጅም ነው። መቀመጫውን በዱባይ ያደረገው ዓለም አቀፍ የጨዋማ ግብርና ማዕከልም ከዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ በተገኘ ድጋፍ እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጨዋማ መሬቶችን መልሶ ለማልማት የሚያስችሉ የሳርና የጥራጥሬ መኖዎች ላይ ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቷል። ከእነዚህ ሥራዎች የሚወጣው አቅጣጫ መሬቱን በደረጃ መከፋፈል ነው። እጅግ ጨዋማ በሆነው ላይ ሮደስን የመሰሉ ጨው ቻይ ሳሮች ይቀድማሉ። ሳሩ ገጹን ሸፍኖ ትነቱን ይቀንሳል፣ ሥሩ አፈሩን ይከፍታል፣ ውሃም ጨውን ይዞ እንዲወርድ ያግዛል። የጥራጥሬ መኖ ተራው የሚመጣው መለኪያው ከወረደ በኋላ ነው።

ተክል ጨውን ከመሬት ነቅሎ ይወስዳል የሚለው ግምት ግን በልኩ ሊታይ ይገባል። በአጨዳ የሚወጣው ጨው በመስኖ ከሚገባው ጋር ሲወዳደር ጥቂት ነው። መሬቱን የሚያጥበው ውሃ ነው። በተለምዶ ስሌት የአንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ለማጠብ አንድ ሜትር ውሃ፣ ማለትም ለሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ፣ ቢፈስ ከጨው 70 እና 80 በመቶ የሚሆነው ይወርዳል። የወረደው ውሃ በማንጣፈፊያ ካልወጣ ግን ተመልሶ ይመጣል። ሶዲየም የበዛበት አፈር ደግሞ ውሃ ስለማያሰርግ አስቀድሞ ጂፕሰም ይጠይቃል።

ለመሬቱ ተፎካካሪ መኖሩም መታወቅ አለበት። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በአዋሽ ተፋሰስ የመስኖ ስንዴ ተስፋፍቷል። ስንዴ እስከ 6 ድረስ ጨው ስለሚታገሥ ከአልፋልፋ ይልቅ በብዙ ማሳ ላይ ይጸናል። ጨው ያልነካውን ጥቂት መሬት ለማን መስጠት እንደሚገባ ሲወሰን፣ ስንዴው የሚችለው ሌላ መሬት እንዳለው፣ አልፋልፋው ግን እንደሌለው ማስላት ተገቢ ነው። እስካሁን በአብዛኛው የሚታየው የተገላቢጦሹ ነው፤ መኖ የሚታሰበው ለሌላ ሰብል አልሆን ላለው መሬት ነው። በሳር ይህ ያስኬዳል። በጥራጥሬ መኖ ግን ዘርና ድካም ማባከን ይሆናል።

የአርብቶ አደሩ ጥቅም የሚለካው በመጨረሻ በመንጋው ነው። በጨዋማ መሬት የበቀለ መኖ በውስጡ ጨው ስለሚይዝ የበላው እንስሳ የሚጠጣው ውሃ ይጨምራል። ግመል ይህን በቀላሉ ትችለዋለች፤ የምታጠባ ላም ግን አትችለውም። መኖው በተቆለለበት አጠገብ ንጹህ የመጠጥ ውሃ ከሌለ የታጨደው ሁሉ ወተት አይሆንም። በወንዙ ዳርቻ በቦይና በእርሻ የተዘጉት የመንጋ መውረጃዎች ጉዳይም ከመኖ ልማቱ ጋር አብሮ የሚታይ ነው፤ የመኖ ማሳው በአጥር ተከልሎ መንጋው ከወንዙ የሚርቅ ከሆነ አርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሹን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣል።

በየዓመቱ የመኖ ልማት ክንውን የሚቀርበው በተሰራጨ ዘር ኩንታልና በለማ ሄክታር ነው። ለጨዋማ ወረዳዎች ይህ አይበቃም። ዘር ከመሰራጨቱ በፊት፣ የበልግ ዝናብም ሆነ የመጀመሪያው መስኖ ገጹን ሳያጥበው፣ ከየማሳው ከገጽና ከ60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የሚወሰድ የአፈር ናሙና የማሳውን መለኪያ ያሳያል። የከርሰ ምድር ውሃው የሚገኝበትን ጥልቀት ለመከታተል በማሳው ጥግ የተቀበረ አንድ ቀዳዳ ቱቦ ይበቃል። ከ4 በታች የሆነው ለአልፋልፋ፣ ከ4 እስከ 8 ያለው በተመረጠ ዝርያና በማንጣፈፊያ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለሳር ተብሎ ቢመደብ፣ ለምርመራው የሚወጣው ወጪ በጨው ከሚጠፋ የአንድ ወቅት ዘር ዋጋ አይበልጥም።